በልደት የጐደለ ሁሉ በደል ነውን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

በየዓመቱ ግንቦት 1 ቀን የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም ልደት ይከበራል። በአዲስ አበባ ከተማ ልደታ የሚባለው ሰፈርም ስሙን ያገኘው በዚህ በዓል ስም ከታነጸችው ቤተ ክርስቲያን ነው። በዕለቱ ጎረቤት ከጎረቤቱ ጋራ ተሰብስቦ ንፍሮውን ይቀምሳል፤ ምስጋናውንም ያቀርባል። ዳሩ ግን የዚህ የደስታ በዓል መነሻው ዕንባ መሆኑን ብዙዎቻችን አናስተውለውም። ኢያቄምና ሐና ልጅ ሳይወልዱ በኖሩ ጊዜ መባቸውን ይዘው ወደ ቤተ መቅደስ ቢሄዱ፣ ካህኑ መካንነታቸውን እንደ ነውር ቈጥሮ መባቸውን እንዳልተቀበላቸው አበው አስተምረውናል። ያ ካህን በሁለቱ ላይ የመሰከረ ምስክር አልሰማም፤ የተገለጠ በደልም አላገኘባቸውም። በአካላቸው የታየውን ጉድለት ብቻ እንደ ፍርድ ጽሑፍ አድርጎ አነበበው። መባዋ የተመለሰባት ሐና ግን የአምላክን እናት ወለደች።

የዚያ ካህን ስሕተት ከእርሱ ጋራ እንዳልተቀበረ እናውቃለን፤ እኛው ራሳችን ደግመን ሠርተነዋልና። ይህን ጽሑፍ የምንጽፈውም አንድም የበደልነውን ለመናዘዝ፣ አንድም በክህነት የሚያገለግሉ ወንድሞቻችንና ምእመናን ልጆቻችን ከእኛ ውድቀት ተምረው እንዲጠነቀቁ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በልደታ ሰፈር የምትኖር አንዲት የንስሐ ልጃችን ስለ ልጅዋ ልትማከረን መጣች። ልጁ በሕፃንነቱ የልብ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ነው። ከእኩዮቹ ዘግይቶ ቆመ፤ ዘግይቶም አፉን ፈታ፤ ሲናገርም ድምፁ በአፍንጫው ይወጣ ነበር። ትምህርት ቤት በገባ ጊዜ ሒሳቡ አልሆንልህ አለው፤ በቃል መያዝ ግን ይሆንለት ስለ ነበረ ውዳሴ ማርያምን ከነዜማው አጥንቶ ነበር። አልፎ አልፎም ሰውነቱ እየተንቀጠቀጠ ይወድቅ ነበር። 19 ዓመት ሲሞላው ከሰው ይሸሽ ጀመረ፤ ጎረቤቶች በግድግዳው ውስጥ ስሙን እየጠሩ እንደሚሰድቡት ይናገር፣ በእናቱ እጅ የቀረበለትንም እንጀራ መርዝ አለበት ብሎ ይተወው ነበር። ሐኪሞች ክኒን ሰጥተውት ነበር።

እናቲቱ በፊታችን ተንበርክካ፣ «አባቴ፣ ይህ ነገር በምን ኀጢአቴ መጣብኝ?» ብላ ጠየቀችን። እኛም ጥያቄው ራሱ የተሳሳተ መሆኑን ልንነግራት ሲገባን መልስ ፍለጋ ገባን። ከጋብቻዋ በፊት የነበረውን ሕይወቷን መረመርን፤ የእናትዋንና የአባትዋንም ታሪክ ጠየቅን። አንድ ነገር ያገኘን መስሎን የዓመት ጾምና ስግደት ቀኖና ሰጠናት። ልጁንም ወደ ጠበል ወስዳ እንድታስጠምቀው፣ በዚያም እስካለ ድረስ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንዲጾም፣ በሁለት ልብ እንዳይሆንም ክኒኑን ሁሉ እንዲተው አዘዝናት። እርስዋም ታዛዥ ናትና እንደ ቃላችን አደረገች።

በ11ኛው ቀን ልጁ ከወትሮው የበረታ መንቀጥቀጥ ይዞት ወደቀ፤ ራሱንም በድንጋይ ተመታ። በእግዚአብሔር ቸርነት ከሞት ተረፈ። ሐኪሙ፣ «መድኃኒቱን እንዲተው ማን አዘዘ?» ብሎ ቢጠይቃት፣ «እኔው ነኝ» አለች። እኛ ያላደረገችውን በደል ጫንባት፤ እርስዋ ደግሞ የእኛን በደል ወስዳ በራስዋ ላይ ጨመረችው።

ከዚያ በኋላ የልጁ ደም ወደ ውጭ አገር ተልኮ ተመረመረ። የምርመራው ቃል፣ ከ22ኛው ክሮሞሶም አንድ ቁራጭ ጐድሏል፤ በአባትና በእናቱ ደም ግን ይህ ጉድለት የለም የሚል ሆኖ ተመለሰ። እናቲቱ ወረቀቱን ይዛ መጥታ በፊታችን ዘረጋችውና፣ ያለ ቁጣ፣ «አባቴ፣ የእኔ ኀጢአት እዚህ ላይ የቱ ጋ ነው የተጻፈው?» አለችን። በዚያን ዕለት ምንም አልመለስንላትም። መልሱን ለማግኘት ሐኪሞችን ጠየቅን፤ የአበውንም መጻሕፍት እንደገና ገለጥን። ያገኘነውንም እነሆ እንጽፋለን።

የሰው አካል ከብዙ ረቂቃን ሕዋሳት የተሠራ ነው። በእያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ ክሮሞሶም የሚባሉ 46 ክሮች አሉ፤ 23ቱን ከአባት፣ 23ቱንም ከእናት እንወርሳለን። እነዚህ ክሮች አካላችን እንዴት እንደሚሠራ የተጻፈባቸው ብራናዎች ናቸው ብንል ከነገሩ አንርቅም። ፊደላቱ አራት ዐይነት ብቻ ሲሆኑ፣ ከአንድ ወላጅ በምንቀበለው ጽሕፈት ውስጥ 3 ቢሊዮን ያህል ፊደላት ተሰድረዋል። 22ኛው ክሮሞሶም ከክሮቹ መካከል ከትንንሾቹ አንዱ ነው። እንደዚህ ልጅ ያሉ ሕሙማን አብዛኞቹ ከዚህ ክር ላይ 3 ሚሊዮን ያህል ፊደላት ጐድለውባቸው ይወለዳሉ። ይህም ከአንዱ ወላጅ ከተቀበሉት ጽሕፈት ከሺህ አንድ እጅ ያህል መሆኑ ነው። ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን በዚያ ስፍራ ከ40 የሚበልጡ ጂኖች አሉ፤ ከእነርሱም ልብን፣ ላንቃን፣ በአንገት ያሉትን ዕጢዎችና አእምሮን በመሥራት የሚያገለግሉ ይገኛሉ። ይህ ጉድለት ከ4,000 ሕፃናት በአንዱ እንደሚገኝ ብዙ ጊዜ ይገመታል፤ ከዚህም የበዛ ነው የሚሉ ጥናቶች አሉ።

ጉድለቱ የሚመጣበት መንገድ በመጻሕፍት ቤት ላደግን ሰዎች እንግዳ አይደለም። ቁም ጸሐፊ ብራናውን ዳምጦ፣ ብርዑን ቀርጾ ከአንድ መጽሐፍ ወደ ሌላው ሲገለብጥ፣ አንድ ቃል በአንድ ገጽ ላይ ሁለት ጊዜ ተጽፎ ያገኝ ይሆናል። ከላይኛው ቃል ላይ ዐይኑን አንሥቶ ብርዑን በቀለም ሲያጠቅስ፣ ተመልሶ የሚያርፈው በታችኛው ቃል ላይ ይሆናል፤ በሁለቱ መካከል ያለውም መስመር ሁሉ ሳይጻፍ ይቀራል። ጸሐፊው ይህን ያደረገው ክፉ ስለ ሆነ አይደለም፤ ሁለቱ ቃላት ስለ ተመሳሰሉበት ነው። በ22ኛውም ክሮሞሶም ላይ የነገሩ አካሄድ ይህንኑ ይመስላል። በዚያ ስፍራ እርስ በርሳቸው እጅግ የሚመሳሰሉ ምንባቦች አሉ፤ የአባት ወይም የእናት ዘር በሚዘጋጅበት ጊዜ ጥንዶቹ ክሮች ጎን ለጎን ሲተያዩ፣ የላይኛው ምንባብ ከታችኛው ጋራ ይገጥምና በመካከል ያለው ይዘለላል።

ይህን ካወቅን የሚከተለውን እናስተውል። ከ10 ሕሙማን በ9ኙ ያህል ጉድለቱ በልጁ የተጀመረ ነው እንጂ ከወላጅ የወረደ አይደለም። ይልቁንም መዝለሉ በእናት ዘር የሆነ እንደ ሆነ ጊዜው መቼ እንደ ነበረ ልብ እንበል። ሴት ልጅ ዘርዋ መዘጋጀት የሚጀምረው እርስዋ ራስዋ ገና በእናትዋ ማኅፀን ሳለች ነው፤ ክሮቹም ጎን ለጎን የሚተያዩት ያን ጊዜ ነው። እንግዲህ እኛ በእናቲቱ የወጣትነት ዘመን ኀጢአት ስንፈልግ የኖርንለት ነገር፣ እርስዋ ገና ሳትወለድ የሆነ ሊሆን ይችላል። በእናትዋ ማኅፀን ያለች ፅንስ ምን በድላ ትከሰሳለች?

ከ10 በአንዱ ያህል ግን ጉድለቱ ከአባት ወይም ከእናት ይወረሳል። ጉድለቱ ያለበት ወላጅ ለሚወልደው ልጅ ሁሉ የማስተላለፉ ነገር እኩል በእኩል ነው፤ ከሁለት አንድ እንደማለት ነው። ይህም ቢሆን የዐይን ቀለምን ወይም ቁመትን እንደ ማውረስ ነው። ሳያውቅ በተቀበለው፣ ሳያውቅም በሰጠው ነገር የሚፈረድበት ሰው የለም።

ሐኪሞችም ይህን ሕመም ያወቁት በአንድ ቀን አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1955 በፕራግ ከተማ ኤቫ ሴድላችኮቫ የተባለች ሐኪም ድምፃቸው በአፍንጫቸው ስለሚወጣ ሕፃናት ጻፈች። በ1965 በአሜሪካ አንጀሎ ዲጆርጅ የተባለ ሐኪም የአንገት ዕጢዎች የሌሏቸውን ሕፃናት ነገር ገለጠ። በ1978 ደግሞ ሮበርት ሽፕሪንትዘን የልብ፣ የላንቃና የፊት ምልክቶችን አንድ አድርጎ አስረዳ። ሦስቱም የአንዱን ዝሆን ልዩ ልዩ አካል እንደ ዳሰሱ ሰዎች ነበሩ። የሁሉም ሥር የ22ኛው ክሮሞሶም ጉድለት መሆኑ በግልጥ የታወቀው ከ1980ዎቹ እስከ 1990ዎቹ ባለው ጊዜ ነው። የተማሩት ሐኪሞች አንዱን ነገር አንድ ነው ለማለት ይህን ያህል ዘመን ከፈለጉ፣ እኛ በአንድ ቀን ምስጢር የልጁን ሕመም ምክንያት አገኘን ማለታችን ምን ያህል ድፍረት ነው!

ሕመሙ በአእምሮና በነርቭ ላይ የሚያመጣውንም በአጭሩ እንናገር። ሕፃኑ ጡንቻው ይላላል፤ መቆምና መናገር ይዘገያል። በትምህርት ጊዜ ብዙውን ጊዜ በቃል የሚያዘው ነገር ከሒሳብና ከረቂቅ ሐሳብ ይልቅ ይቀልለዋል። ልቡን በአንድ ነገር ላይ ማሳረፍ ያቅተዋል፤ ፍርሃትና ጭንቀት ይበረታበታል፤ የሰውንም ፊትና የንግግር ስሜት መረዳት ይሳነዋል። በአንገት የሚገኙ ትንንሽ ዕጢዎች የደምን ካልሲየም የሚጠብቁ ናቸው፤ እነርሱ በደከሙ ጊዜ ካልሲየሙ ዝቅ ይላል፤ በዚያም ምክንያት እጅና እግር ይኮማተራል፣ መንቀጥቀጥም ይመጣል። ከዚህ ሌላ የሚጥል በሽታ የሚይዛቸውም አሉ። በጉልምስና ዘመን፣ ከ50 ዓመት በፊት እንኳ፣ የእጅ መንቀጥቀጥና የሰውነት መገተር የሚያመጣው ፓርኪንሰን የተባለው በሽታ ከሌላው ሰው ይልቅ ያገኛቸዋል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን በወጣትነት መጨረሻ የሚመጣው ነው። ስኪዞፍሬኒያ የሚባለው የአእምሮ ሕመም፣ ማለትም የሌለ ድምፅ መስማት፣ ያልሆነውን ሆነ ብሎ አጥብቆ ማመንና ከሰው መሸሽ፣ በሌላው ሕዝብ ከመቶ አንዱን ያህል ወይም ከዚያ ያነሰውን ሰው ይይዛል። ይህ ጉድለት ካለባቸው ሰዎች ግን ለአካለ መጠን ከደረሱት ከአራቱ አንዱን ያህል ይይዛል። ይህ በ1990ዎቹ በታወቀ ጊዜ ለሐኪሞችም ታላቅ ነገር ነበር፤ ከዚህ አስቀድሞ ሥሩ የማይታይ ይባል ለነበረው ሕመም አንድ የሚታይ ሥር ስለ ተገኘለት ነው።

እንግዲህ እኛ ያደረግነውን እንመዝን። ካልሲየሙ የጐደለበትን ልጅ ከወተት የሚከለክል ጾም እንዲጾም አዘዝነው፤ ከክኒኖቹ አንዱ ያንኑ ካልሲየም የሚተካ ሆኖ ሳለ አስጣልነው። ከዚያም በወደቀ ጊዜ ይህን የክፉ መንፈስ ምልክት ነው የሚሉ ሰዎች በዙሪያው ቆሙ። የተንቀጠቀጠው ግን እኛ ባደረግነው ነገር ነበር። ፍትሐ ነገሥታችን የታመመውን ሰው ከጾም ቀንበር የሚያሳርፈው መሆኑን እያወቅን ሕጉን በፈቃዳችን አከበድነው።

በዚህ ስፍራ ከአንባብያን መካከል ሦስት ተቃውሞ የሚያነሣ ይኖራል። የመጀመሪያው፣ «አእምሮ በክር ጉድለት የሚታወክ ከሆነ ሰው ሥጋ ብቻ ነው ማለት ነው፤ ነፍስ ወዴት አለች?» የሚል ነው። በገና 10 አውታር አለው። ከአውታሮቹ ሁለቱ ቢበጠሱ ዜማው ይጐድላል፤ ዳሩ ግን ደርዳሪው ዜማውን ረስቷል አይባልም። ነፍስም በሥጋ መሣሪያነት ትሠራለች፤ መሣሪያው በደከመ ጊዜ ሥራዋ ይታወካል እንጂ እርስዋ አትጠፋም፤ በእርስዋ ላይ የታተመው የሥላሴ አርአያም አይፋቅም። ደግሞም ጉድለቱ ካለባቸው ከአራቱ ሦስቱ በዚህ ሕመም አለመያዛቸውን እናስተውል። ክሩ ያዘነብላል እንጂ ዕጣ አይቆርጥም። የቤተ ሰብ ፍቅር፣ ጊዜውን የጠበቀ ሕክምና፣ ከስድብ የራቀ ኑሮ ለሕመምተኛው የሚጠቅሙት ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ፣ «ጽሕፈቱ ከጐደለ ጸሐፊው ማን ነው? ፈጣሪ ተሳሳተ ልትሉ ነውን?» የሚል ነው። አይደለም። ምሳሌ ዘየሐጽጽ ነውና በዚህ ስፍራ የእኛም ምሳሌ ይጐድላል። አዳም ከበደለ በኋላ ድካምና ሞት በባሕርያችን ገብተዋል፤ ፍጥረት ሁሉ ከዚህ ባርነት ነጻነቱን ይጠባበቃል። ይህ ግን የሁላችን የጋራ ድካም ነው እንጂ በአንዲት የልደታ እናት ላይ ተለይቶ የተቆረጠ ፍርድ አይደለም። ከእኛስ ጽሕፈቱ ሁሉ የሰመረለት ማን ነው? የአንዳችን ጉድለት በዐይን፣ የሌላው በልብ፣ የሌላው በእርጅና ዘመን ይገለጣል። አንዳንዱ ጉድለት በ19 ዓመቱ ቢገለጥ፣ ሌላው በ70 ዓመቱ ስለ ተገለጠ ጻድቅ አይሆንም።

የጌታ ደቀ መዛሙርትም ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው ባዩ ጊዜ በደሉ የእርሱ ነው ወይስ የወላጆቹ ብለው እንደ ጠየቁ በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ተጽፏል። ጌታ ከሁለቱ አንዱን አልመረጠላቸውም፤ ጥያቄውን ራሱን ዘጋው። ነገሩን ከየት መጣ ከሚለው አንሥቶ ወደ ምን ይሠራበታል መለሰው፤ የእግዚአብሔር ሥራ በእርሱ እንዲገለጥ ነው አለ። ከዚያም ወዲያው ጭቃ ለውሶ ዐይኑን ቀባ፤ ወደ ሰሊሆምም ሰደደው። ፈዋሹ ጌታ በቃሉ ብቻ ሊያድነው ሲቻለው ጭቃንም ውኃንም አገልጋይ አደረጋቸው። ፈሪሳውያን ግን ሰውየው ከዳነ በኋላ እንኳ በኀጢአት የተወለድህ ነህ ብለው ወደ ውጭ አወጡት። እንግዲህ ከካህናት ወገን የሆነ ሁሉ ከሁለቱ የማንን ወገን እንደሚይዝ ራሱን ይጠይቅ።

ሦስተኛው ተቃውሞ፣ «ክፉ መንፈስ የለም ልትሉ ነውን?» የሚል ነው። እንዲህ አንልም፤ ወንጌልን የሚክድ ይህን ይላል። ነገር ግን ወንጌላዊው ማቴዎስ በምዕራፍ 4 ወደ ጌታ የመጡትን ሲቆጥር አጋንንት ያደሩባቸውን ለብቻ፣ የሚጥል በሽታ ያለባቸውን ለብቻ፣ ሽባዎችንም ለብቻ አድርጎ መቁጠሩን እናስተውል። ወንጌላዊው የለየውን እኛ ለምን አንድ እናደርገዋለን? ደግሞም ጌታ በአጋንንት የተያዘውን ሲፈውስ ወላጆቹን በፊቱ አቁሞ አላሳፈረም፤ ሕመምተኛውንም አላሰረም። ሰንሰለት ያሰሩት የሀገሩ ሰዎች ነበሩ፤ ጌታ የፈታ ነው።

የአበውም ትምህርት ከዚህ ጋራ የተስማማ ነው። ቅዱስ ባስልዮስ በቂሣርያ ከተማ አጠገብ ለድኆችና ለሕሙማን መጠጊያ ቤት አሠርቷል። መነኮሳት ስለ ሕክምና በጠየቁትም ጊዜ፣ የሕክምና ጥበብ እንደ እርሻና እንደ ሽመና ለድካማችን መርጃ ከእግዚአብሔር የተሰጠ መሆኑን አስተምሯል፤ ተስፋን ሁሉ በእርሱ ላይ መጣልንም ፈጽሞ መናቅንም ከልክሏል። ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ ገና በአንጾኪያ ሳለ፣ እየጣለ በሚያስጨንቅ ሕመም ለተያዘው ስጣጊርዮስ ለተባለ መነኩሴ ወዳጁ ሦስት መጻሕፍት ጻፈለት። በእነዚያም ከሕመሙ ይልቅ ሐዘንና ተስፋ መቁረጥ እንደሚጎዳው ይመክረዋል፤ መከራው የእግዚአብሔር ጥላቻ ምልክት አለመሆኑንም የቅዱሳንን መከራ እየቈጠረ ያስረዳዋል።

22ኛው የእስክንድርያ ሊቀ ጳጳሳት ጢሞቴዎስ ደግሞ በ4ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ከካህናት ለቀረቡለት ጥያቄዎች መልስ ሰጥቷል። ከጥያቄዎቹ አንዱ ራሱን ስለ ገደለ ሰው ነበር። መልሱም፣ ካህኑ ሰውየው በእውነት ከአእምሮው ውጭ ሆኖ ያደረገው መሆኑን በጥንቃቄ ይመርምር፤ እንዲህ ከሆነ መሥዋዕት ይቅረብለት የሚል ነው። ይህ አባት ስለ ክሮሞሶም አልሰማም፤ ነገር ግን በሕመም የሚደረግና በፈቃድ የሚደረግ ነገር አንድ እንዳልሆነ፣ ይህንንም መለየት የካህን ግዴታ እንደ ሆነ ያውቅ ነበር። ፍትሐ ነገሥቱም አእምሮውን ያጣ ሰው የሚያደርገውን ውልና ኑዛዜ እንደ ጤነኛ ሰው ሥራ አያጸናበትም። የምድር ውል የማያጸኑበትን ሰው በሰማያዊው ፍርድ ልንከሰው አይገባም።

በአገራችን የዚህ ነገር ስፋት ምን ያህል እንደ ሆነም እናስብ። በቡታጅራና በአካባቢዋ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት የሆኑ 68,378 ሰዎች ቤት ለቤት ተጠይቀው የተደረገ ጥናት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2003 ታትሟል። በዚያ ጥናት 321 ሰዎች ስኪዞፍሬኒያ ተገኝቶባቸዋል፤ ከእነርሱም ለዚህ ሕመም የሚሰጠውን መድኃኒት ቀምሰው የሚያውቁት ከመቶ 10 አይሞሉም ነበር። የቀሩት በየቤቱ፣ በየደጀ ሰላሙና በየጠበሉ ነበሩ ማለት ነው። ስለዚህ ሐኪም ሳያያቸው እኛ ካህናት እናያቸዋለን። ከእነዚህ ሕሙማን መካከል የ22ኛው ክሮሞሶም ጉድለት ያለባቸው ከጥቂት መቶዎች አንዱ ቢሆኑ ነው። ምልክቱም በአፍሪካውያን ፊት ላይ እንደ አውሮፓውያን ጎልቶ ስለማይታይ የተማረውም ሐኪም ሊያልፈው ይችላል። በዐይን አይቶ የማይለየውን ነገር በዐይናችን አይተን እንዴት እንፈርድበታለን?

ከልደታ ብዙ በማይርቀው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ሕሙማን ሕፃናት የሚረዱበት ማዕከል አለ። በዚያው በከተማችን ለብዙ ዘመን ብቻውን የአእምሮ ሕሙማንን ሲቀበል የኖረው አማኑኤል ሆስፒታል አለ፤ ዛሬም በሌሎች ሆስፒታሎች የአእምሮ ሐኪሞች ይገኛሉ። ሕፃን ሳለ ልቡ የታከመ፣ ድምፁ በአፍንጫው የሚወጣ፣ መንቀጥቀጥ የሚይዘው ልጅ በወጣትነቱ ጠባዩ ሲለወጥ፣ ይህን ታሪክ በአንድነት ለሐኪሙ መንገር ትልቅ እርዳታ ነው። የልቡን ሐኪም የአእምሮው ሐኪም አያውቀው ይሆናል፤ እናቲቱና የንስሐ አባቷ ግን ሁሉንም ያውቃሉና።

ጠበልን ለማቃለል ይህን እንደማንጽፍ አንባቢ ይረዳልን። በጠበል እናምናለን፤ ተጠምቀንበታል፤ ተፈውሰንበታል። ዳሩ ግን ጠበልና መድኃኒት ተፎካካሪዎች አይደሉም። የኤች አይ ቪ መድኃኒት በአገራችን በስፋት መሰጠት በጀመረ ጊዜ፣ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጠበልም መድኃኒትም የእግዚአብሔር ስጦታዎች ስለ ሆኑ አንዱ ሌላውን እንደማይከለክል አስተምረዋል። ክኒኑን በጠበል የሚውጥ ሰው ሁለት ልብ የለውም፤ ሁለቱንም የሚቀበለው ከአንድ ሰጪ ነው። ጠቢቡ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን ማክበርን ከጸሎት ጋራ አንድ አድርጎ ያስተማረውም ለዚህ ነው።

ስለዚህ ወንድሞቻችን ካህናትን በትሕትና የምንለምናቸው ይህን ነው። የታመመ ልጅ ይዛ የመጣችን እናት አስቀድመን በደል አንጠይቃት፤ አስቀድመን እናጽናናት። ኑዛዜ ሲኖራት በሌላ ጊዜ፣ ከልጅዋ ሕመም ለይተን እንስማት። ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት ተዪ የማለት ሥልጣን በክህነታችን አልተሰጠንም። በሕመም ላይ ሳለ የሚሰድበንን፣ የሚደነግጠውን፣ የሚሸሸውን ሰው እንደ በደለኛ አንቁጠረው፤ እንዲታሰርና እንዲገረፍም ዝም ብለን አንይ። ደግሞም ልቡ ሲመለስለት እንደ ሞተ ሰው አንተወው፤ ንስሐውን እንስማ፣ ሥጋውና ደሙን እናቀብለው፣ በስሙ እንጥራው። ሕመሙ ሥራውን ሁሉ በደል እንዳያደርግበት እንደ ጠበቅነው፣ ፈቃዱን ሁሉ እንደ ወሰደበት አድርገንም አንናቀው።

መስመር የተዘለለበትን መጽሐፍ ምን እናደርገዋለን? አናቃጥለውም፤ ከዕቃ ቤትም አውጥተን አንጥለውም። የሚታረመውን በኅዳጉ እናርማለን፤ የማይታረመውን እንደ ነበረ እናነብባለን። ወንጌል ከሆነ መስመር ቢጐድለውም ተሸክመነው እንዞራለን፤ ሕዝቡም ይሳለመዋል። የእግዚአብሔር አርአያ የተጻፈበት ሰው ከብራና ያንሳልን?

ወደዚያች እናት ቤት ሄደን ይቅርታዋን ለመንን። ካህን ከንስሐ ልጁ ይቅርታ ሲለምን ማየት ለእርስዋ እንግዳ ነገር ስለ ነበረ አለቀሰች፤ «እርስዎም እኮ ያዘኑልኝ መስሎዎት ነው» አለችን። ሰጥተናት የነበረውን ቀኖና አነሣንላት፤ ለራሳችን ግን ተቀበልነው። ልጁ ዛሬም ሕመሙ ፈጽሞ አልለቀቀውም፤ አንዳንድ ጊዜ ድምፁ ይመለስበታል። ክኒኑን በየቀኑ ይወስዳል፤ ካልሲየሙም አይቋረጥበትም፤ በበዓላት ጠበሉን ይጠጣል። ባለፈው ግንቦት 1 ቀን ከጎረቤቶቹ ጋራ ተቀምጦ ንፍሮውን ሲበላ አየነው። ውዳሴ ማርያምንም ባጠናው ዜማ፣ በአፍንጫው በሚወጣው ድምፁ አሰማን፤ አንድ ቃልም አልዘለለም። ያን ጊዜ መባው የተመለሰበት ኢያቄም ትዝ አለን፤ የመለሰውን ካህንም አሰብነው።

የሐናን ዕንባ የተመለከተ አምላክ በየቤቱ የሚያለቅሱትን እናቶች ይመልከት፤ ለሕሙማን ምሕረትን፣ ለሐኪሞች ጥበብን፣ ለእኛም ለካህናት ከመፍረድ አስቀድሞ የማዘንን ልቡና ይስጠን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።